በጥባጩ ይለቀቅ ወይስ አይለቀቅ

ቁጭ በሉና ስሙኝ፣ ይሄን ታሪክ ለሰው ሳልነግር መዋል አቅቶኛል። ስለ አንዲት ሴት ነው። ቴሌቪዥን ላይ አልወጣችም፣ ማንም አያውቃትም። ግን ሳምንት ሙሉ ጨጓራዋ ሲላጥ ከርሞ መጨረሻ ላይ ያደረገችው ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል።

የሥራ ጓደኞቿ «አስሬ» ይሏታል። ለምን መሰላችሁ፣ ማንም ሰው መጥቶ «ጨርሻለሁ፣ ይሠራል» ሲላት መልሷ ሁሌም አንድ ነው፦ «አስሬ ሞክረኸዋል?» ዘጠኝ ጊዜ የሞከረው ሰውዬ ራሱ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል።

ሥራዋ ማበላሸት ነው። ኧረ እውነቴን ነው! ሦስት ሆነው ለክሊኒኮች የካርድ ክፍል ፕሮግራም ይሠራሉ፤ በሽተኛ ሲመጣ የሚመዘግብ፣ ካርዱን ፈልጎ የሚያወጣ። ፕሮግራሙ በነፃ ነው። ኮዱም ክፍት ነው፤ ማለት፣ ውስጡ እንዴት እንደተሠራ ማንም ሰው ማየት፣ መውሰድ፣ እንዳሻው መቀየር ይችላል። አለቃው ይሠራዋል፣ ሰዓሊው መልኩን ያሳምረዋል፣ አስሬ ደግሞ ታበላሸዋለች። ክሊኒክ ሄዶ ከሚበላሽ እዚሁ ይበላሽ ነው ነገሩ።

እሷ ራሷ ድሮ ሁለት ዓመት ካርድ ክፍል ሠርታለች። ስለዚህ ሰው መቼ እንደሚሳሳት ታውቃለች፤ ሰልፉ በር ድረስ ሲደርስ፣ ሕፃን ሲያለቅስ፣ ስልኩ ሲጮህ፣ «ቶሎ በይ እንጂ!» የሚል ሰው ሲበዛ። እና አንድ መሣሪያ ሠራች። መሣሪያው ፕሮግራሙ ላይ ቁጭ ይልና ልክ እንደ ደከመው ሰው ይሳሳታል። ዕድሜ በሚጻፍበት ቦታ ስልክ ቁጥር ይጽፋል። ምዝገባው መሐል ላይ መብራት እንደጠፋ ያደርጋል። ፕሮግራሙ ይሄን ሁሉ ከቻለ አለፈ፣ ካልቻለ ወደ አለቃው ይመለሳል። መሣሪያውን «በጥባጩ» አለችው።

በጥባጩ ስልሳ አራት ዓይነት ስህተት ያውቃል፤ አንዱንም እሷ አልፈጠረችውም። በየክሊኒኩ ያሉ ጸሐፊዎች ናቸው የሚነግሯት። ይደውላሉ፣ «አስሬ፣ ዛሬ ደግሞ የሠራሁትን ጉድ ስሚ» ይላሉ። እሷ አትቆጣም። ትስቃለች፣ እሺ፣ መሳቁንስ ትስቃለች። ከዚያ ስህተቱን በጥባጩ ውስጥ ትከተውና በላዩ የሠሪውን ስም ትጽፍበታለች፣ ታሪኩንም በሁለት ሦስት መስመር። በቁጥር ማንም አያስታውሰውም፣ በሰው ግን አይረሳም። ቁጥር ሰባት የአማቷ ነው፤ አንድ ቀን ቢሮ ሊጠይቋት መጥተው ፕሮግራሙን ሲሞክሩ ሁሉንም ነገር ሁለት ሁለቴ ተጫኑትና አንድ ሰው ሁለት ሆኖ ተመዘገበ። እንደዚህ ነው ልማዳቸው። ከሦስቱ በስተቀር በጥባጩን ያየ ሰው የለም።

እስከዚያ ሰኞ ድረስ ማለቴ ነው።

ቢሯቸው ከማተሚያ ቤት በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ታች ማሽኑ ሲነሳ እላይ ወለሉ ይርገበገባል፣ እስክሪብቶ ከጠረጴዛ ላይ በራሱ ጊዜ ይሄዳል። አስሬ ሰኞ ጠዋት ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ አለቃው ፊቱ በርቶ ጠበቃት።

«እንኳን ደስ አለሽ!»

«ምን ተገኘ?»

«በጥባጩን ለሕዝብ ልንለቀው ነው። አርብ!»

ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አደረገች፤ ቦርሳው ወደቀ፤ አላነሳችውም። «ማን ነው ያለው?»

«እኔ ነኛ። ትናንት በኢንተርኔቱ ስብሰባ ላይ ተናገርኩ። ሌላ ከተማ የፋርማሲ ፕሮግራም የሚሠሩ ልጆች አሉ፣ የሰው መድኃኒት ከሰው እየተምታታባቸው ተቸግረዋል። ‹እናንተ ጋ የሚፈትን ነገር አለ አሉ፣ ስጡን› ሲሉኝ እሺ አልኳቸው። ሁለት መቶ ሰው አጨበጨበ እኮ!»

«ሳትጠይቀኝ?»

«ምን ይጠየቃል? የኛ ሥራ ሁሉ ክፍት አይደል? ይሄኛው ብቻ ለምን ይደበቃል?»

«የሰው ስም አለበታ! አንተ ሰውዬ፣ ጸሐፊዎቹ እኔን አምነው ነው የነገሩኝ። ነገ ጉዳቸውን ኢንተርኔት ላይ ቢያዩት ደግመው ይደውሉልኛል? ካልደወሉልኝ ደግሞ በጥባጩ በቃው፣ ሞተ። እኔ ከየት አባቴ አመጣለሁ አዲስ ስህተት?»

«ትንሽ አታካብጂው። ስሙን ማውጣት ነው።»

«አንተ እኮ የራስህን አላየኸውም።»

«የምን የራሴን?»

ቁጥር አሥራ ሁለትን ከፈተችለት። «አለቃ» ይላል። «የመጣለትን ጥያቄ ሁሉ ሳያነብ ‹አዎ› ብሎ ይጫናል። አንድ ጊዜ ‹ሁሉም ይጥፋ?› ሲባልም አዎ ብሏል።»

አለቃው ጆሮው ቀላ። «ይሄ... ይሄ መቼ ነው?»

«ታውቀዋለህ።»

«ይሄማ አይለቀቅም!»

«አየህ?»

ከወዲያኛው ጠረጴዛ ሰዓሊው ቀና ሳይል «እኔ ስንተኛ ላይ ነኝ?» አለ። ሃያ ስድስት፣ ሠላሳ ዘጠኝና አርባ ላይ መሆኑን ስትነግረው ደስ አለው።

ማክሰኞ ዕለት ስሞቹ ይውጡ ተባለና አስሬ ግማሽ ቀን ቁጭ ብላ ስልሳ አራቱን ሁሉ በቁጥር ተካቻቸው። ከምሳ በኋላ አለቃው መጣና «ያ የቱ ነበር፣ ያ... ያ የአማትሽ?» አላት። «ሰባት» አለችው። አሥር ደቂቃ ቆይቶ «ያ መብራት ሲጠፋ የሚነቅለው ጥበቃውስ?» «ሃምሳ አንድ!» «ያቺ ‹ወንድ› የሚለውን ለሁሉም ሰው የምትሞላውስ?» በአራተኛው ላይ ናላዋ ዞረ። «ስሙን አውጪ ብለኸኝ አውጥቻለሁ፣ አሁን ደግሞ በስም ትጠይቀኛለህ፤ ምን አድርጊ ነው የምትለኝ?» ደግሞም ስሙ ቢወጣ ታሪኩ አለ። ባለቤቷ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ማታ ሊወስዳት መጥቶ ከጀርባዋ ቆሞ ቁጥር ሰባትን አነበበና «እናቴ ናት አይደል?» አለ። አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። በየክሊኒኩ ያለው የሥራ ባልደረባማ እንዴት አያውቅም?

ሰዓሊው ይሄ ሁሉ ሲሆን የሚጨነቀው በሌላ ነገር ነበር፤ ለበጥባጩ ምልክት እየሳለ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጦጣ ይሁን ዝንብ እያለ አከራከራቸው። አስሬ በመጨረሻ «ከፈለግህ ዝንጀሮም ጋሪም ሳልለት፣ እኔን ግን ተወኝ!» ብላ ጮኸችበት። «ጋሪ?» አለ ሰዓሊው፣ አሰብ አድርጎ። እውነትም ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

ረቡዕ ጠዋት ቁርጡን ነገረቻቸው። «ሃያ ሁለት ሰው ነው። ለእያንዳንዱ ደውዬ እጠይቃለሁ። እሺ ያለ ከነስሙ ይለቀቃል፣ አይሆንም ያለ አይለቀቅም። አለቀ።»

«እስከ አርብ?» አለ አለቃው።

«አርብን የወለድካት አንተ ነህ፣ አንተው አሳድጋት።»

መደወሉን ቀላል አድርጋ ነበር ያሰበችው። የመጀመሪያዋ ጸሐፊ ሰምታ ሰምታ «የኔ አንድ ብቻ ነው እንዴ? የዚያችኛዋ ሦስት መግባቱን ሰምቻለሁ» ብላ ተቀየመች። ሁለተኛው «ስሜን አታጥፊው፣ ስልኬንም ጻፊልኝ፣ ምናልባት ሥራ የሚሰጠኝ ካለ» አለ። ስህተቱን አይቶ ማን ሥራ እንደሚሰጠው እሱ ይወቅ። አንዷ ሃያ ደቂቃ ስለ ጥርሷ አወራቻትና ካርድ ተከመረብኝ ብላ ዘጋች፣ እሺም እንቢም ሳትል። አማቷ ዘንድ ስትደርስ ደግሞ ጉድ ፈላ። አማቷ ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ቁልፍ ሲጫኑ ኖረዋል።

«ሁለቴ ተጫነች ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«አዎ እማዬ፣ ግን ካልፈለጉ...»

«ሁለቴ የተጫንኩት አንዴ ስጫነው ስላልሰማ ነው! ይሄንን ጽፈሻል?»

«አልጻፍኩም።»

«ጻፊዋ! ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ አንድ መስመር ተሳስቼ አላገናኘሁም። ይሄም ይግባ። ጥፋቱ የማሽኑ ነው በይ።»

ነገሩ የሚያናድደው፣ ሴትዮዋ ልክ ናቸው። ፕሮግራሙ አንዴ ሲጫኑት መስማቱን የሚያሳይ ምንም ምልክት አልነበረውም፤ ሰዓሊው «አያምርም» ብሎ አውጥቶት ነው። አስሬ ስልኩን ዘግታ ሰዓሊውን አየችው። «ምን አደረግኩ?» አለ። «ሰባት ላይም ገባህ» አለችው።

ሐሙስ ላይ ሃያ አንዱ እሺ ብለዋል፤ ባለጥርሷም በመልእክት እሺ አለች። የቀሩት ጋሽ ካርድ ናቸው። ሠላሳ ዓመት አንድ ካርድ ክፍል የሠሩ ሽማግሌ፤ የሳቸውን ቁጥር ሠላሳ አንድን ደግሞ በስልክ ልትጠይቅ አልወደደችም። ታክሲ ይዛ ሄደች።

ካርድ ክፍሉ ጠባብ ነው። መደርደሪያው ጣራ ይነካል፣ የድሮዎቹ የወረቀት ካርዶች ጠርዛቸው እንደ ጨርቅ ለስልሷል። ጋሽ ካርድ በመስኮቱ በኩል አንድ ሰው ሸኝተው «ግቢ ልጄ» አሏት። ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

የሳቸው ነገር እንዲህ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ስማቸውም የአባታቸው ስምም አንድ የሆነ ሁለት ሴቶች መጡ። ጋሽ ካርድ ያንዷን ካርድ ለሌላኛዋ ሰጡ። ሐኪሙ በካርዱ መሠረት መርፌ አዘዘ፤ ሴትዮዋ ደግሞ ያ መድኃኒት የማይስማማት ናት። መርፌው ተዘጋጅቶ ነርሷ እንዲሁ ለወሬ ያህል «አራቱ ልጆችሽ ደህና ናቸው?» ስትላት «የምን ልጆች? አልወለድኩም እኮ» አለች። በዚያች ወሬ ተረፈች። ማንም ማን እንደተሳሳተ አልጠየቀም። ጋሽ ካርድ ለአስሬ ብቻ ነገሩ፤ ፕሮግራሙም ከዚያ ወዲህ ዕድሜና ስልክ ሳይጠይቅ ካርድ አይከፍትም።

«አይሆንም» አሉ ጋሽ ካርድ።

«ስምዎን አውጥቼ...»

«ልጄ፣ እዚህ ቤት መርፌዋን የማያስታውስ የለም። ማን እንደሆነ ነው የማያውቁት። ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ። በየመስኮቱ ‹ያ ሰውዬ› እየተባልኩ መውጣት አልፈልግም።»

«እሺ ጋሼ። አልጽፈውም።» ልትነሳ ስትል ጠሯት።

«ቆይ እስቲ። ስልሳ ምናምን ነው ያልሽኝ? አንቺም እኮ እንዲህ ያለ መስኮት ጀርባ ተቀምጠሻል። ያንቺ ስንተኛ ላይ ነው?»

አስሬ ዝርዝሩን በልቧ አገላበጠች። የሷ የለም። ስልሳ አራት ውስጥ አንድም የለም።

«ኧኸ» አሉ ጋሽ ካርድ፣ ያለ ክፋት። አንድ ሰው መስኮቱን አንኳኳ፤ ወደሱ ዞሩ።

አርብ ጠዋት ለአለቃው ሠላሳ አንድ አይወጣም ብላ ስትነግረው ድምፁ ጣራ ነካ። «የፋርማሲዎቹ ልጆች የሚፈልጉት እኮ እሱን ነው! የሰው ስም መምታታትን! ሌላውን ምን ያደርጉታል?»

«አይሆንም ብለዋል።»

«አንድ ሽማግሌ!»

«አንድም ይሁን።»

«እሺ ታሪኩን ለውጪው፣ ሴቶቹን ወንዶች አድርጊያቸው፣ ማን ያውቃል?»

«እሳቸው ያውቃሉ። አንተ ሰውዬ፣ እግዜር ምን ዓይነት ጆሮ ነው የሰጠህ?»

ከዚያ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። ታች ማሽኑ ተነስቷል፣ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። ጻፈች፣ አጠፋች፣ ጻፈች። አለቃው ከኋላዋ እየተንጎራደደ ሰዓት ያያል። መጨረሻ ላይ «ቁጥር ሠላሳ አንድ፦ አስሬ» ብላ ጀመረች። ካርድ ክፍል በገባች በስድስተኛ ወሯ ነው። አንዲት እናት መንታ ልጆቿን ለክትባት አመጣች። አስሬ በአባታቸው ስም ፈልጋ ከላይ ያገኘችውን ካርድ ሁለቴ አወጣች። አንዱ ልጅ ካርዱ ላይ ሁለት ጊዜ ተከትቧል ተባለ፣ ሌላው ምንም። ማምሻውን ካርዶቹን ስትመልስ አየችው። ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነበር፣ ፈራች። የሁለተኛውን ልጅ ካርድ በራሷ እጅ አስተካክላ ሞላችና መደርደሪያው ውስጥ ከተተችው። ልጁ እውነት ተከትቦ ይሁን አይሁን እስካሁን አታውቅም። ይሄን ለባሏም አልነገረችም።

አለቃው መንጎራደዱን አቆመ። ጎንበስ ብሎ አነበበው።

«በይ... ሞክሪው እስቲ» አለ።

በጥባጩን አስነሳችው። በጥባጩ መንታዎቹን አስገባ፤ ፕሮግራሙ ዕድሜ ጠየቀ፣ አንድ ዓይነት ነው፤ ስልክ ጠየቀ፣ የእናታቸው ነው፣ አንድ ዓይነት ነው፤ ደስ ብሎት የተሳሳተውን ካርድ ከፈተ። ስክሪኑ ቀይ ሆነ። ሁለት ዓመት ሙሉ «መምታታት ቀረ» እያሉ ለክሊኒክ ሁሉ የሰጡት ፕሮግራም መንታ ሲመጣ ዓይኑ አያይም!

«አስሬ ሞክሪው» አለ አለቃው፣ በቀስታ።

አስሬ ሞከረችው። አሥሩንም ጊዜ ቀይ።

«አርብ ነው ያልኩት እኮ» አለ። «ሁለት መቶ ሰው...»

«ሁለት መቶውም ይጠብቅ! መጀመሪያ ይሄን ድፈን!»

ሊደፍኑት አምስት ቀን ፈጀባቸው። በነዚያ አምስት ቀናት አለቃው ለፋርማሲዎቹ ልጆች በየቀኑ ይቅርታ ይጽፍ ነበር፣ በየቀኑም የተለየ ምክንያት ይሰጣል፤ ሦስተኛው ቀን ላይ አስሬ ደሟ ፈላና ራሷ ጻፈችላቸው፦ «ፕሮግራማችን መንታ አያውቅም ነበር። የናንተንም እዩት።» በማግስቱ መለሱ፤ የነሱም አያውቅም ኖሯል። አሁን የአባታቸው ስም፣ ዕድሜና ስልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ሲኖሩ ስክሪኑ ሁለቱንም ስም በትልቁ ጎን ለጎን ያወጣና ጸሐፊው አንዱን እስኪመርጥ ድረስ ምንም አይከፍትም። ሰዓሊው ቢጫ አደረገው። አያምርም፤ አስሬ ግን «እንዳትነካው» ብላዋለች።

ረቡዕ ዕለት በጥባጩ ተለቀቀ። ስሞቹ ተመልሰው፣ አማቷ እንዳረሟት፣ አለቃውም አሥራ ሁለት ላይ እንደተቀመጠ፣ ሳይወድ በግዱ። የጋሽ ካርድ የለም። ባለቤቷ ሠላሳ አንድን አነበበና በሦስተኛው ቀን እራት ላይ «የልጁ ስም ትዝ ይልሻል?» ብሎ ብቻ ጠየቃት። ትዝ ይላታል። ክሊኒኩ ግን ድሮ ተዘግቷል፤ ካርዶቹ የት እንደሄዱ የሚያውቅ ሰው እየፈለገች ነው።

ደግሞ አትረፊ ያላት፣ ከተለቀቀ በኋላ ጥያቄው በዛ። «እንዴት ይነሳል?» «ለምን ጋሪ ነው ምልክቱ?» «ቁጥር ሰባት ላይ ያሉት ሴትዮ እውነት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል?» አለቃው ደግሞ «ብያችሁ ነበር፣ ሁሉም ይወደዋል» ይላል፤ አንዱንም ጥያቄ ግን አይመልስም።

እንዲህ ሆና በሁለቱም እጇ ጎመን እያጠበች ስልኳ ጮኸ። ጋሽ ካርድ ናቸው። እጇን ልብሷ ላይ ጠርጋ አነሳችው፤ ‹ተጣሉኝ፣ አንብበው ሊቆጡኝ ነው› ብላለች።

«አንቺ፣ እንዲህ ያለ ጉድ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉ ገና ሰላም ሳይሏት። «ዛሬ ጠዋት ያ ቢጫው ነገር መጣልኝ፣ ሁለት ስም። አንዱን እመርጣለሁ ብዬ ክርኔ ቁልፉ ላይ አርፎ ኖሮ...»

«ክርንዎ?»

«ክርኔ! አንድ ሙሉ ገጽ አንድ ፊደል ሞላ። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ፣ መጀመሪያ አንድ ሰውዬ መጣ፣ ጃኬት የለበሰ...»

ጎመኑ ውሃው ውስጥ ቀረ፣ የቧንቧው ውሃ ይፈሳል፣ ጋሽ ካርድ ገና ጃኬቱ ላይ ናቸው። አስሬ ዓይኗን ወደ ጣራ ሰቀለች፣ በረጅሙ ተነፈሰች፣ ከዚያ በትከሻዋ ስልኩን ይዛ እስክሪብቶ ፈለገች። «ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ ልጻፈው» አለች። «ስምዎን ላስገባ?»

«እሱን በኋላ እናያለን» አሉ። «አሁን ዝም ብለሽ ስሚኝ።»

እኔ ይሄን ከሰማሁ ወዲህ የራሴን መቁጠር ጀምሬያለሁ፣ ገና ስድስት ላይ ነኝ። እናንተስ? ሥራ ቦታ ተሳስታችሁ ለማንም ሳትነግሩ ያለፋችሁት ነገር አለ? ለመጀመሪያ ጊዜ የነገራችሁትስ ለማን ነው?